የቀንበር ጠባሳ

ከአባይ ማዶ፣ አፈሩ ጥቁር መረሬ በሆነ ደጋ ላይ፣ በሬዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት አገር ነበረ። እርፉን የሚጨብጠውና ጅራፉን የሚያጮኸው አያ ዝንጀሮ ነው። ማን ይጠመድ፣ ማን ሲግጥ ይዋል የሚለውን የሚቆርጠው ግን የበሬዎች ሸንጎ ነበር። ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ተረት ነው።

አገሩ ጤፍ ያበቅላል። ጤፍ ደግሞ አንዴ ጫር ጫር አድርገው የሚዘሩት እህል አይደለም። መሬቱ ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንድ ቦታም አምስት ጊዜ ታርሶ፣ አፈሩ ልሞ ነው ሐምሌ ላይ ዘሩ የሚበተነው። ስለዚህ በዚያ አገር በሬ ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ ሁልጊዜም “በሬ ጠፋ” ይባላል። መስኩ ላይ ግን ቀንበር ነክቶት የማያውቅ ወይፈን ከብዛቱ የተነሳ ሣሩን ጨርሶ ሥሩን ይነጭ ነበር።

ክፍት የሥራ ቦታ የሚገኘው ከፋሲካ በኋላ ነው። ለበዓሉ አያ አንበሶና ዘመዶቹ ቅርጫ ይገባሉ፣ ሁለት ሦስት በሬ ይጎድላል፣ በማግስቱ ዋርካው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። የምትጽፈው እመት ጦጢት ናት፤ ማዕረጓ “የበሬ ሀብት አስተዳደር ኃላፊ” ነው። የዚያ ዓመቱ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦

“የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ጥማድ በሬ። ተፈላጊ ችሎታ፦ ከጥጆች በረት የመውጫ ማረጋገጫ ያለውና አንገቱ ላይ በግልጽ የሚታይ የቀንበር ጠባሳ ያለው። የሥራ ልምድ፦ 6 ክረምት ያረሰ። ዕድሜ፦ ከ5 ዓመት ያልበለጠ። ደመወዝ፦ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የሚችል። አመልካቾች ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርበው መመዝገብ ይችላሉ።”

ሒሳቡን ያነሳ አልነበረም። ከአምስት ዓመት ያልበለጠ በሬ ስድስት ክረምት ሊያርስ የሚችለው እናቱ ሆድ ውስጥ ከጀመረ ብቻ ነው። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ አንገቱን ያቃና ሰው ይህን ሲሰማ ግን ብዙ አይስቅም። በእኛ አገር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ አልፎ ወረቀቱን ይዞ ይወጣና “ዜሮ ዓመት” የሚል መስመር ፍለጋ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ይከርማል። “ደመወዝ በስምምነት” የሚለውንስ ማን ያጣዋል? በበሬዎቹ አገር ትርጉሙ ጭድ ነበር።

ቡሬ የሚባል ወይፈን ነበር። አራት ዓመቱ ነው፤ ሻኛው ገና መቆሙ፣ ቀንዱም ገና መጠንከሩ ነው። ማስታወቂያውን አምና አንብቦ ተመልሶ ነበር። ዘንድሮ ጠባሳ ያለው አመልካች ስለጠፋ እመት ጦጢት “እስቲ ያሉትን እንያቸው” ብላ ለቃለ መጠይቅ ጠራችው። ሸንጎው ከዋርካው ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። መሃል ላይ ሰብሳቢው ጋሼ ጉራች፣ በግራው ጋሼ ወይኖ፣ በቀኙ ደግሞ ስማቸውን ለመጥራት እንኳ የማይነቁ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ።

“ስምህ?”

“ቡሬ እባላለሁ ጋሼ።”

“አንገትህን እስቲ አዙር።”

አዞረ። ጸጉሩ ሙሉ ነው፣ ያብለጨልጫል። ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ።

“ጠባሳ የለህም።”

“የጠመደኝ የለማ ጋሼ።”

“ለምን እንደሌለህ አልጠየቅንህም” አሉ ጋሼ ጉራች።

ጋሼ ወይኖ ተቀበሉ። “ማታ ማታ ኩሬ ዳር ትቆማለህ ይባላል። እውነት ነው?”

“አዎ፣ ውሃ እጠጣለሁ።”

“ጠጥተህ ስትጨርስስ?”

ቡሬ ዝም አለ። ጠጥቶ ከጨረሰም በኋላ ውሃው ላይ አቀርቅሮ እንደሚቆይ ራሱም ያውቃል። ወይፈኖቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኩሬውን ከበው ውሃውን ሲያዩ ያመሻሉ። እመት ጦጢት ጻፈች።

“ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?”

ቡሬ አሰበ። የሚያውቃቸውን በሬዎች፣ አባቱንና አጎቶቹን ሁሉ በልቡ ቆጠረ።

“ቅርጫ ላይ” አለ።

ሸንጎው ማመስኳቱን አቆመ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነቃ። እመት ጦጢት “ራእይ የለውም” ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋች።

ቡሬ ገና ጀርባውን ሲያዞር ወሬው ተነሳ። የዘንድሮ ወይፈን ሥራ ይንቃል። የዘንድሮ ወይፈን ጅራፍ ሲጮህ ይቀየማል። ሁለት ትልም አርሶ “መቼ ነው የቀኝ በሬ የምሆነው” ይላል። ቢቀጥሩት ለመስቀል አይደርስም፣ የተሻለ ጭድ ካየ ይሄዳል። ጭድ ይሻላል ካሉት መሄዱ ምን እንደሚያስደንቅ አይገባኝም፤ እነጋሼ ወይኖም ቢሆኑ ወደዚህ ደጋ የመጡት የቆላው ሣር ሲደርቅ ነው። ወይፈኖቹም በበኩላቸው ኩሬ ዳር ሆነው ሽማግሌ ሲያሙ ነው የሚያመሹት፦ “ቀንበር ሳይጫንበት ያንቀላፋል፣ ቦታውን ግን አይለቅም።” ሁለቱም ወገን የሚናገረው አብሮት ተጠምዶ ስለማያውቀው ነበር።

በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ ማታ ማታ ወደ ኩሬው ብቅ ማለት ጀመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ከበረሃው ማዶ ጠባሳ የማይጠይቅ መስክ አለ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ዋጋውን ስትደርሱ ትከፍላላችሁ” ይላል። ሰባት ወይፈኖች ተከተሉት። መድረሳቸውን የነገረ የለም። ሸንጎው ዜናውን ሲሰማ ጋሼ ጉራች ራሳቸውን ነቀነቁና “አያችሁ? የዘንድሮ ወይፈን አገሩን አይወድም” አሉ።

አባ ዳለቻ የሚባሉ በሬ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ጸጉር የሚባል ነገር የለም፤ ቀንበር የተቀመጠበት ቦታ እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል። አሥር ክረምት አብሯቸው ያረሰው ጓደኛቸው በዚያው ፋሲካ ለቅርጫ ሄደ። ብቻውን የሚያርስ በሬ የለምና አባ ዳለቻ ጠባሳቸውን እንደያዙ ሥራ ፈቱ። ጠዋት ጠዋት ማሳው ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ፣ ጎናቸውን ወደ ባዶው ቦታ ሰጥተው ትንሽ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። ግንቦት ተጋመሰ። መሬቱ አንዴ ብቻ ተገምሶ ቀርቷል፣ ደመናው ከበላይ በኩል እየጠቆረ ነው። ማስታወቂያው ሁለተኛ ጊዜ ወጣ፣ ሦስተኛ ጊዜ ተራዘመ። ጠባሳ ያለው አልመጣም።

አንድ ጠዋት አባ ዳለቻ ሸንጎ ፊት ቀርበው “ቡሬን ስጡኝ” አሉ።

“ልምድ የለውም” አሉ ጋሼ ጉራች።

“እኔስ ከማን ጋር ነበር የተጠመድኩት? ከአንተ አባት ጋር አይደለም እንዴ? የመጀመሪያውን ክረምት ትልሜን ያየ ሁሉ እባብ ሄዶበታል ይል ነበር። አባትህ ግን በጎን ደገፍ እያደረገ አቃናኝ። ወይፈን ከሽማግሌ ጎን ተጠምዶ ካልሆነ ሌላ የት ይማራል?”

ሸንጎው ተጉረመረመ። በሰው አገር ቢሆን አንድ ነገር አስታውሳቸው ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን፣ የከብት በሽታ በሬውን ጠራርጎ ጨርሶት፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ጨብጠው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ጃንሆይ የዶማ ሥራ ልምድዎ ስንት ዓመት ነው ብሎ የጠየቀ አልተሰማም። የበሬዎቹ ሸንጎ ግን የሰው ታሪክ አያነብም፤ የሰው ሕግ ግን መቅዳት ይወዳል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሚፈቅደው 45 ቀን ነበር። ሸንጎው ረጅሙን መረጠ። ቡሬ ለ60 የሥራ ቀናት በሙከራ ይጠመድ፣ የእያንዳንዱ በሬ የየቀኑ ጥፋት ይመዝገብ ተባለ። “የሁሉም ይመዝገብ” የሚለውን ያስገቡት አባ ዳለቻ ናቸው፤ ጋሼ ጉራችም ስለራሳቸው እርግጠኛ ስለነበሩ አልተቃወሙም።

የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። አያ ዝንጀሮ ቀንበሩን ሲጭንበት ቡሬ ሁለት ጊዜ አወለቀው። ማነቆው ሲታሰርለት ምላሱን አወጣ። “ሂድ!” ሲባል እንደ ፈረስ ተፈተለከ፤ ቀንበሩ ተንጋደደ፣ አባ ዳለቻ በጉልበታቸው ሊወድቁ ነበር። ማረሻው ከመሬት ወጥቶ አየር አረሰ። ሸንጎው ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ እያየ “አላልንም!” ይላል።

አባ ዳለቻ አልተቆጡም። “በአንገትህ አትሳብ” አሉት። “ቀንበሩ ከሻኛህ ፊት ነው የሚያርፈው፤ ሻኛህ ይግፋው። አንገትህ መንገድ ይመልከት እንጂ አይጎትት። ደግሞም አትቅደመኝ። እኔን አይተህ ሳይሆን ምራኑ ሲወጠር እየሰማህ ሂድ፤ ከላላ ቀድመሃል ማለት ነው።”

ቡሬ ጆሮውን አቁሞ የምራኑን ድምፅ ማዳመጥ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ትልሙ እንደ እባብ መጠምዘዙን ትቶ እንደ ሰካራም መንገድ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ልብ ሳይለው ቀና። አንገቱ ቆሰለ፣ ደማ፣ ሻረ፣ እንደገና ቆሰለ። ሲመሽ አሁንም ኩሬ ዳር ይቆማል። ጋሼ ወይኖ ይህንንም አስመዘገቡ።

ቅዱስ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራው ሳያልቅ ለምለም ሣር አይቶ ጥሎ ወጥቷል፤ አባ ዳለቻም ቀንዳቸውን ደገን አድርገው ነው የመለሱት።

ስልሳው የሥራ ቀን ሲሞላ ሸንጎው ለግምገማ ተቀመጠ። ጤፉ ተዘርቷል፣ ማሳው አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ቡቃያ አብቅሏል። እመት ጦጢት መዝገቧን ይዛ መጣች። መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ጥፋት፣ ምክንያት።

“እመት ጦጢት፣ እባክሽ” አሉ አባ ዳለቻ፣ “ስሙንና ምክንያቱን በቅጠል ሸፍነሽ ጥፋቱን ብቻ አንብቢልን። የማን እንደሆነ ሸንጎው ራሱ ይናገር።”

“ይህማ ቀላል ነው” አሉ ጋሼ ጉራች። እመት ጦጢት የዋርካ ቅጠል ቀጥፋ ሸፈነችና ማንበብ ጀመረች።

“ሰኔ 14፦ ትልም መሃል ተኝቶ አልነሳም አለ።”

“ቡሬ!” አለ ሸንጎው ባንድ አፍ።

እመት ጦጢት ቅጠሉን ገለጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። “ጋሼ ጉራች” አለች። “ምክንያት፦ የአየር ጠባይ።”

ዝም ተባለ። ሁሉም ያን ቀን ለሥራ የሚመች ዳመና እንደነበረ ያስታውሳል።

“ሰኔ 19፦ ጅራፍ ሲጮህበት ተቀይሞ ምራኑን በጥሶ ሄደ።”

“ይሄስ ያለጥርጥር ቡሬ ነው” አሉ ጋሼ ወይኖ። “የዘንድሮ ወይፈን አንድ ቃል አይችልም።”

ቅጠሉ ተገለጠ። ጋሼ ወይኖ። ምክንያት፦ ክብሩ ስለተነካ።

ሸንጎው አሁን ጥንቃቄ ጀመረ። “ሰኔ 26፦ ሥራ ሳያልቅ ሣር ሊግጥ ማሳውን ጥሎ ወጣ” ሲባል ለጊዜው የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሲተኛ የከረመው፣ “እኔ እሆን?” አለ። ቅጠሉ ሲነሳ ቡሬ ሆኖ ተገኘ። ምክንያት፦ የዘንድሮ ወይፈን ስለሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ቡሬም አልካደም። ነገር ግን እመት ጦጢት ተንኮለኛ ሆና አይደለም እንዲህ የጻፈችው። የጋሼ ጉራችን መተኛት ስትመዘግብ ሰማዩን ቀና ብላ አየች፤ የጋሼ ወይኖን ቁጣ ስትመዘግብ አያ ዝንጀሮ ምን ብሎ እንደሰደባቸው ጠየቀች። ቡሬ ሲያጠፋ ግን የምትጠይቀው አልነበራትም፤ የተወለደበትን ዓመት አየች፣ በቃ። ሽማግሌ ሲያጠፋ አንድ ነገር ገጥሞት ነው። ወጣት ሲያጠፋ ማንነቱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ “ይሄ ትውልድ” እየተባለ የሚዘጋ ፋይል ሁሉ፣ ቢገለጥ፣ ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር እንደማይገኝበት እወራረዳለሁ።

“አንድ ቀርቷል” አለች እመት ጦጢት። “ሐምሌ 3፦ ማሳው ጥግ ሲደርስ ቆመ። አያ ዝንጀሮ ሦስት ጊዜ ቢመታውም አልሄድም አለ። ቢታይ ትልሙ ከሥር ውሃ አቁሮ ኖሯል፤ ፈሰስ ከተቀደደለት በኋላ ሥራውን ቀጠለ።”

ጋሼ ጉራች ደረታቸውን ነፉ። “እንግዲህ ልምድ ማለት ይህ ነው። መረሬ መሬት ውሃ ሲይዝ በእግሩ የሚያውቅ፣ ቢመቱትም ልቡ የማይሸበር። ይህን የሚያደርግ ወይ ዳለቻ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ።”

ቅጠሉ ተገለጠ። ቡሬ። ምክንያት፦ ትእዛዝ አይቀበልም።

“እንዴት አወቅህ?” አሉ አባ ዳለቻ፣ መልሱን እያወቁ።

“ኩሬው ዳር ነዋ” አለ ቡሬ። “ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚሰርግ ሲታይ ያመሻል። ከዚያ ጥግ ነው የሚመጣው።”

ጋሼ ወይኖ ወደ ሌላ በኩል ዞሩ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ሸንጎው ያፍራል፣ ማስታወቂያው ይቀየራል፣ ወይፈን ሁሉ ይጠመዳል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ እናንተ ሸንጎ ተቀምጣችሁ አታውቁም። ጋሼ ጉራች ጥቂት አመሰኩና ፊታቸው በራ።

“እኛም የምንለው ይህንኑ ነው” አሉ። “ቡሬ ጎበዝ ነው፤ ከመጀመሪያውም አይቼዋለሁ። እሱ እኮ እንደ ዘንድሮ ወይፈን አይደለም።”

“ልክ ነው!” አለ ሸንጎው እፎይ ብሎ። “ቡሬ የተለየ ነው።”

ቡሬ ምን እንደሚል ጨነቀው። ተመስግኗል፣ ሥራውንም አግኝቷል። ግን ኩሬ ዳር አብረውት የሚያመሹትን ሁሉ፣ ከአያ ጅቦ ጋር የሄዱትን ሰባቱንም ጨምሮ፣ በዚያችው አንድ ምስጋና እንደከሰሷቸው ገባው። “ጋሼ፣ የተለየሁ አይደለሁም። አባ ዳለቻ ስለጠመዱኝ ነው” ለማለት አፉን ከፈተ። ጋሼ ጉራች ግን “ትሑትም ነው!” ብለው አቋረጡት፣ ሸንጎው በጅራቱ አጨበጨበ።

አባ ዳለቻ ክርክር ውስጥ አልገቡም። “ለሚቀጥለው ሌላ ወይፈን ስጡኝ” አሉ ብቻ። “ቡሬ አሁን ከሌላ ወይፈን ጋር ሊጠመድ ይችላል፤ እኔም ከሌላ። በሁለት ክረምት ስምንት እንሆናለን።”

“ይታሰብበታል” አሉ ጋሼ ጉራች። “በደንቡ መሠረት ግን ማስታወቂያ መውጣት አለበት።”

ማስታወቂያው በዓመቱ ወጣ። የቀንበር ጠባሳ የሚለው አለ፣ ስድስት ክረምት የሚለው አለ፣ ከአምስት ዓመት ያልበለጠ የሚለውም አለ። የተጨመረው አንድ መስመር ነው፦ “ቡሬን የሚመስሉ ወይፈኖች ይበረታታሉ።” አሥራ አራት ወይፈኖች አነበቡት፣ የትኛው ቡሬን እንደሚመስል ለማወቅ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሁለቱ ቆዳቸው ቡራቡሬ ስለነበረ ተመዘገቡ። ከማሳው ሲሶው ሳይታረስ ከረመ። ሸንጎውም በሪፖርቱ “በሬ በመጥፋቱ” ብሎ ጻፈ።

መዝገብ የምትይዙ፣ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ፣ የሙከራ ጊዜ የምትገመግሙ አንባቢዎች ሆይ፣ ቅጠል መቅጠፍ አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ወረቀት ይበቃል። የዘንድሮውን ግምገማ ስሙንና የትውልድ ዓመቱን ሸፍናችሁ ለባልደረቦቻችሁ አንብቡላቸው፣ የማን እንደሆነም ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ ምክንያት የሚለውን ዓምድ እንደገና ሙሉት።